አሸዋ ውስጥ የመጣችው እንቁራሪት

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የግቢያችንን ሴትዮ፣ ደምበል ጋ ሱቅ የነበራትን፣ ዛሬም ይቅር አላልኳትም፤ ልልም አላሰብኩም።

ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር ነበር የምንኖረው። ቤቷን ልታሰፋ ብላ ከቆላ ወንዝ የተዛቀ አንድ ገልባጭ መኪና ሙሉ አሸዋ አስመጣችና እኛ በር ላይ አስደፋችው። ግንበኛው በአካፋ ሲዝቀው አንዲት ድቡልቡል እንቁራሪት ከነሕይወቷ ወጣች፤ አፏ ከመጥበቡ የተነሳ ያለ አይመስልም።

"አፏን ሰፍተው ቀበሩብኝ!" ብላ ጮኸች ሴትዮዋ። "መተት ነው! ይቺ ናት በቁሜ ልትቀብረኝ!" ጣቷ የጠቆመው እናቴን ነበር።

አፈ ጠባብ የሆነ የእንቁራሪት ዘር እንዳለ ከመጽሐፍ ያነበብኩት ብዙ ቆይቼ ነው። በኋለኛ እግሮቹ እየጫረ በጀርባው መሬት ውስጥ ይገባል፤ በጋውንም እዚያው ተደብቆ ይከርማል። የሚበላው ጉንዳንና ምስጥ ስለሆነ ትንሽ አፍ ይበቃዋል። ያኔ ግን ይህን ማን ያውቃል? በሳምንቱ እናቴ መተተኛ ተባለች። ለቅሶ ቤት ሽንኩርት ልትከትፍ ስትቀመጥ ሴቶቹ "እርስዎ ይረፉ" ብለው ቢላዋውን ከእጇ ተቀበሏት። ቤት ገብታ አለቀሰች።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ስሙ ከወጣልን አይቀር አልኩ። አሸዋውን ስምስ ሌላ እንቁራሪት አገኘሁና ሴትዮዋ ሱቋ ስትሄድ ደረጃዋ ሥር አስቀመጥኳት። መቆፈር እንኳ አላስፈለገኝም፤ በቂጧ እየገፋች ራሷ ገባች። በማግስቱ ግንበኛው ደረጃውን ሲያፈርስ አገኛት። ሴትዮዋ ራሷን ስታ ወደቀች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ቅዳሜ የዕድሩ ሽማግሌዎች ቄስ ይዘው መጡ። "እጇ ከሌለበት ትማልልኝ!" አለች ሴትዮዋ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ መስቀሉን ተሳለመችና ጠራችኝ። ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበራትም። ቀኝ እጇን ራሴ ላይ ጫነች።

"ከቤቴ ሰው ይህን የቀበረ ካለ" አለች፣ "እግዚአብሔር ይህችን ልጄን ይንሳኝ።"

እውነቱን ላወጣው አፌን ስከፍት ሴትዮዋ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እሷ ፊት ከምናዘዝ ሞቴን መረጥኩ።

ሽማግሌዎቹ "አሜን" አሉ። እኔም አሜን አልኩ።