«ተቀበይ» የተባለችው ልጅ

ጎንደር የተመደብኩት ሙዚቃ አስተምር ተብዬ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ ግን አልነበረም። ዲሬክተሩ ከዕቃ ቤት አውጥቶ የሰጠኝ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን አንድ አሮጌ አኮርዲዮን ነው። ከቁልፎቹ አንዳንዶቹ ሲጫኑ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ ወናፉን ደግሞ አይጥ ከጫፉ በልቶታል። ወስጄ ጫማ ሰፊ ዘንድ ቆዳ አስለጠፍኩበት። ጫማ ሰፊው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ይኼ ነገር ይተነፍሳል እንዴ?» አለኝ። ይተነፍሳል አልኩት። እስከ መቼ እንደሚተነፍስ ግን እኔም አላውቅም ነበር።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ብዙም ያልቆየበት ነው። ቤቱ የጣሊያን፣ ማኪናው የጣሊያን፣ ምስማሩ ሳይቀር የጣሊያን ነበር። ስለዚህ ልጆቹን «ዶ ሬ ሚ ፋ» ሳስብል በአጥር የሰሙ እናቶች «ጣሊያን ሄደልን ስንል በልጆቻችን አፍ ተመለሰ» ብለው ለዲሬክተሩ አቤት አሉ። እሱ እንኳ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሌላ ነበር። በዚያ አገር ዘፈን ባለቤት አለው፤ አዝማሪ ይባላል። አዝማሪ ለሰርግ ይጠራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ እልል ይባልለታል፤ ልጁን ለልጁ የሚጠይቀው ጨዋ ግን የለም። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ክቡር ነው። ከቅጥሩ ውጭ አፉን ከፍቶ የሚያዜም ሁሉ ደግሞ አዝማሪ ነው። በሁለቱ መሐል ሌላ ቦታ የለም። እኔን መንግሥት ደመወዝ ቆርጦ የላከኝ እዚያ ወደሌለው ቦታ ነው።

ወላጆች ዓመቱ በገባ ቁጥር ይመጡብኝ ነበር። «ምነው የኔታ፣ እኛ ልጃችንን የሰጠነዎ ጸሐፊ እንዲሆንልን ነው እንጂ በየሰርጉ እንዲዞር ነው?» ይሉኛል። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ዛሬም አልተሻለኝም። «እኔ አዝማሪ አላወጣም! መዝሙር ነው የማስተምረው!» እያልኩ ግቢውን በጩኸት እሞላዋለሁ። ጩኸቴን ሰምተው ይሄዳሉ፣ በሳምንቱ ሌሎች ይመጣሉ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ «ከበሮ እንኳ ዝም ባለበት ጾም» ብለው በእኔ ክፍለ ጊዜ ልጆቻቸውን ያስቀሩብኛል። አኮርዲዮኑ ዕቃ ቤት ይገባል፤ አይጥ መቼም አይጾምም። ፋሲካ ሲያልፍ አውጥቼ እንደገና ወደ ጫማ ሰፊው እሄዳለሁ።

ልጆቹ ክፉዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ ከቄስ ትምህርት ቤት የመጡ ስለነበሩ የሰሙትን ቶሎ ይይዛሉ፣ ድምፃቸውም የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን ከዶ እስከ ሚ በደህና ይወጡና ፋ ላይ ሲደርሱ ይዘሏታል፤ ቀጥታ ሶል ላይ ዘጭ ይላሉ። በለመዱት ዜማ ውስጥ ያቺ ድምፅ ቦታ አልነበራትም። እኔ በማስመሪያ ጠረጴዛውን እየደበደብኩ «ፋ! ፋ!» እላለሁ፣ እነሱ ይስቃሉ፣ ከዚያም ተባብረው ይዘሏታል። አንዳንድ ቀን ተናድጄ ክፍሉን ጥዬ ወጥቼ ደጅ እቆም ነበር። ከውስጥ ሲጫወቱ ስሰማ ያለ እኔ በጣም ደስተኞች ነበሩ።

አንዲት ልጅ ብቻ ፋን አትዘልም ነበር። ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ቀጭን፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ሲጠሯት ቶሎ የምትደነግጥ። አንዴ የሰማችውን ሁለተኛ አታስደግምም። ከሌሎቹ ጋር ስትዘምር ድምፅዋን አሳንሳ ከመሐል ትገባለች እንጂ ከፍ አታደርገውም። እኔ ግን እሰማታለሁ። ስለ እሷ ብዬ ነበር ጠዋት የምነሳው ብል አላጋነንኩም። አንድ ልጅ ከያዘው ሌላውም ይይዘዋል፣ ከዚያም ሌላው ይከተላል፣ ብዬ ራሴን አታልል ነበር።

አባቷ ከድብ ባሕር ወዲያ ካለ ገጠር መጥቶ የእህል መጋዘን ዘበኛ የሆነ ጎልማሳ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት እጇን ይዞ ያመጣትና በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማዋን አቧራ በጋቢው ጫፍ ይጠርግላታል። አንድ ቀን «አያ፣ ልጅዎ ሸጋ ድምፅ አላት» አልኩት።

«ድምፅ ምን ያደርግላታል የኔታ?» አለኝ፤ ፊቱ ቅጭም አለ። «ቁጥሩን ያስይዙልኝ። ጽሕፈቱን ትወቅ። እናቷ የለችም፤ እኔ ሳልሞት ቢሮ ገብታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ልያት።»

ከሌሎቹ ወላጆች የተለየ ነገር አልሰማሁበትም። እንደ እነሱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰውዬው አዝማሪ ነበር። ይህን በዚያን ጊዜ እኔም፣ ዲሬክተሩም፣ ጎረቤቶቹም አናውቅም። ሚስቱ ስትሞት መሰንቆውን ሸጦ፣ አገሩን ለቆ፣ ማንም ወደማያውቀው ከተማ ገብቶ ሌሊት ሌሊት እህል የሚጠብቀው ልጁ «የአዝማሪ ልጅ» ሳትባል ተምራ ሰው እንድትሆን ብሎ ነው። ልጅቱ በእናቷ ጀርባ ታዝላ በየዳሱ ያደገች ናት። የወላጆቿን ሥራ ለማንም እንዳትናገር አባቷ አስምሏት ነበር፤ እሷም አልተናገረችም። እስከዚያች ቀን ድረስ ከተማው ውስጥ እንደማንኛውም የዘበኛ ልጅ ነበረች።

ያቺ ቀን የወላጆች በዓል ነበረች፤ ጥር ውስጥ፣ ጥምቀት እንዳለፈ። ዲሬክተሩ አስቀድሞ «ይኼ በዓል ካማረ ሙዚቃው ይቀጥላል፤ ካላማረ ሰዓቱን ለሒሳብ እሰጠዋለሁ» ብሎኝ ነበር። እኔም ስለ ትምህርት አንድ መዝሙር ጻፍኩ፤ ልጆቹን አስጠናሁ፣ ፋ ያለበትን ቦታ እየለመንኩም እየተቆጣሁም አስለመድኳቸው። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጣለ። ፊት ለፊት የክብር እንግዳው ተቀመጡ፤ አንድ የታወቁ ቀኛዝማች ናቸው፣ የራሳቸውም ልጅ እዚያው ሁለተኛ ክፍል ይማራል።

የመጀመሪያው አንጓ በደህና አለቀ። ሁለተኛው ላይ የጫማ ሰፊው ቆዳ ተቀደደ፤ አኮርዲዮኑ ፉ ብሎ ተነፈሰና በእጄ ላይ ሞተ። ልጆቹ እጄን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ፋ ላይ ሲደርሱ እንደ ጥንቱ ዘለሏትና ተበታተኑ። ከኋላ ያሉት ዝም አሉ፤ የፊቶቹም ተከተሏቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ያን ጊዜ ነው እሷ ብቻዋን የቀጠለችው። አትጩኺ ያላት ሰው ያለ ይመስል ዝግ ብላ፣ ግን ሳትዘል፣ ሳትሳሳት፣ እኔ እንደ ጻፍኩት፣ ከጻፍኩትም አስበልጣ። ሲያጉረመርሙብኝ የኖሩት እናቶች አፋቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። ሙዚቃ አስተማርኩ ብዬ ያመንኩት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የቆየውም የአንዲት አንጓ ዕድሜ ያህል ነው።

መዝሙሩ ሲያልቅ ቀኛዝማች ተነሱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ እውነተኛ እንባ ነበር፣ አይቻለሁ። ከኪሳቸው ብር አውጥተው በምራቃቸው አርሰው ግንባሯ ላይ ለጠፉላትና እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ተቀበይ!» አሉ።

«እንዲህ ያለውን ድምፅ ይዛ ለመጣች ልጅ፣
ወርቅ ይነጠፍላት ከእልፍኝ እስከ ደጅ!»

በእኛ አገር ዘፈን ልቡን የነካው ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ብር በግንባር ይለጥፋል፣ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ደግሞ ግጥሙን ከአፉ ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። ቀኛዝማች ሌላ የማድነቂያ መንገድ አያውቁም ነበር። ሌላ ልጅ ብትሆን ደንግጣ ታለቅስ፣ ወይ ሮጣ እናቷ ነጠላ ውስጥ ትሸጎጥ ነበር። እሷ ግን ግጥሙ መሬት ሳይነካ ተቀበለችው። አንዲት ቃል ሳታዛንፍ፣ እኔ ባላስተማርኳት ዜማ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ መለሰችላቸው። ከዚያ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችና፣ አዝማሪ ግጥም ለሰጠው ሰው እንደሚለው፣ «ብለዋል ጌታዬ» አለች።

እልልታው ቀለጠ። በእልልታው መሐል አንዲት ሴት «ይቺማ አጥንቷ የአዝማሪ ነው!» ስትል ሰማሁ፤ በአድናቆት ነበር የተናገረችው። አባቷን ፈለግኩት። ከአጥሩ ጥግ ቆሞ የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ ይዟል። ልጅቱ ግንባሯ ላይ ብር እንደተለጠፈ ወደ እሱ ዞረች። ሲያለቅስ አየችው። ፈገግታዋ ያኔ ጠፋ።

ያን ዕለት ዲሬክተሩ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። በሳምንቱ መጀመሪያ ግን ጠራኝ። ቀኛዝማች ልጃቸው ከአዝማሪ ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ መልእክት ልከው ነበር። እነዚያው ያለቀሱት ቀኛዝማች! ክፉ ሰው ነበሩ ብል ደስ ይለኛል፣ አልነበሩም። ሲያደንቋትም ሲያስነሷትም በልባቸው ያው አንድ ቦታ ላይ ነበረች። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ክፍል ስገባ ልጅቱ ብቻዋን ተቀምጣለች። ስታልፍ ወንዶቹ ግራ ክንዳቸውን ዘርግተው በቀኝ እጃቸው መሰንቆ ይገዘግዙባታል። ገረፍኳቸው፤ ስዞር ደገሙት። ፋን በስንት ልመና ያልያዙ ልጆች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያዙት።

ጥቂት ቀን መጣች፤ ከዚያ ቀረች። አባቷ ብቻውን መጣ።

«የኔታ፣ እርስዎን አልተቀየምኩም» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አያ፣ ይመልሷት። ልጆች ናቸው፣ ይረሱታል።»

«እኔም መሰንቆዬን ስሸጥ ይረሳል ብዬ ነበር» አለ። «አዩልኝ? ማንም አላስተማራት። ቀኛዝማች ተቀበይ ሲሏት እኮ የእኔም ከንፈር ተንቀሳቀሰ።»

«ወዴት ልትሄዱ ነው?»

«ወዳገራችን። እዚህ ዘበኛም ሆኜ አዝማሪ ነኝ፤ እዚያ አዝማሪ ብቻ ነኝ። ይቀላል።» ወደ በሩ ሄደና ተመልሶ፣ «ቁጥር ግን እስከ መቶ ታውቃለች፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ።

ዲሬክተሩ የሙዚቃውን ሰዓት ለሒሳብ ሰጠው። አኮርዲዮኑ ዕቃ ቤት ገባ፣ እኔም ሒሳብ አስተማሪ ሆንኩ። ወላጆች መምጣታቸውን ተዉ፤ እንዲያውም መንገድ ላይ ቆመው ሰላም ይሉኝ ጀመር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እህቱን ሲድር ድብ ባሕር ድረስ አብሬው ሄድኩ። ዳስ ውስጥ እንደተቀመጥን መሰንቆ ተሰማ። መቺው ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ አውቄዋለሁ። እሱም አወቀኝና አንገቱን መሰንቆው ላይ ደፋ። ከአጠገቡ የቆመችው ሴት ጥርሷ ሙሉ ነበር፣ ድምፅዋም አሁን አያንስም። ግንባሯ ላይ ብር ሲለጠፍላት፣ ግጥም ሲሰጣት ትቀበላለች፤ እንግዶቹን አንድ በአንድ እያዳረሰች እኔ ዘንድ ደረሰች።

አስተማሪውን «የኔታ» የማይል ተማሪ በዚያ አገር የለም። ዓይኗ ላይ እንዳወቀችኝ አየሁ። እሷ ግን «ምን ልበልልዎ ጌታዬ?» አለችኝ፤ ለሁሉም እንደምትለው።

ባልደረባዬ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና «ምነው መምህር፣ ግጥም ስጣት እንጂ!» አለ። ስንት መዝሙር የጻፍኩ ሰው ሁለት ስንኝ አጣሁ። አዝማሪን በባዶ ማሳለፍ ደግሞ ስድብ ነው፤ ሰው ሁሉ ያየኛል። ከኪሴ ብር አወጣሁ፤ በምራቄ አርሼ ግንባሯ ላይ ለጠፍኩላት።

ዝቅ ብላ እጅ ነሳችኝና «ብለዋል ጌታዬ» አለች። እኔ ምንም አላልኩም ነበር።