በየወሩ በአሥራ ሁለት

ሲስተር ሚልካ ገብሩን የማያውቅ የቆቦ ሰው ካለ፣ ታሞ አያውቅም ማለት ነው። ወላጆቿ ከደቡብ ትግራይ ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እሷ ግን ከሱቁ ይልቅ ነርስነቱን መረጠች፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ከሠራች በኋላም በዋናው መንገድ ዳር የራሷን ክሊኒክ ከፈተች። እኔ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ነበርኩ። ቁጡ ናት። ጓንት ሳያደርግ ደም የቀዳ ሰው የዚያን ቀን ምሳው አይዋጥለትም። ቁጣዋ ለበሽተኛው ብላ ስለሆነ ግን እንፈራታለን እንጂ አንጠላትም።

ክሊኒኩ የወረቀት ካርድ ትቶ በኮምፒዩተር መመዝገብ ሲጀምር ሥራውን የያዘው ገዛኸኝ ነው። መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት አለው፤ ሳቂታና እጁ የተባረከ ሰው ነው። ሚልካን ግን ሳቅ አያታልላትም። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ዕለት፣ ሥራ ሳይጀመር እንዲመጣ አዘዘችው። ቀኑን የመረጠችው ማንም እንዳይረሳው ነው። እሱን ፊት ለፊቷ ታስቀምጠዋለች፤ እኔና የካርድ ክፍሏ ብርቱካን ከጎን እንቀመጣለን። ምን ተበላሸ? ምን አደረግህ? ከዚያ ገዛኸኝን ላብ በላብ የሚያደርገው ሦስተኛው ይመጣል።

«ይህ ማሽን አሁን ተቃጠለ በል። በዲስክ ያስቀመጥከውን ቅጂ ክፈትና የምጠራልህን በሽተኛ አውጣልኝ።»

አንድ ቀን መረረውና፣ «ሲስተር፣ ካላመንሽኝ ሌላ ሰው ፈልጊ» አላት።

«ባላምንህማ መቼ እጠራሃለሁ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ይልቅ ፈልግ!»

ፈለገ፤ አገኘም። እንዲህ እየተነታረኩ ደህና ቆዩ።

ከዚያ ሚልካ በአርባ ዓመቷ ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትና አባት ፍለጋም ሩቅ አልሄደችም፤ ገዛኸኝ አነሳላት። አበልጅ ማለት እኛ ዘንድ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል። አበልጅን ያከብሩታል፣ ያበሉታል እንጂ እንደ ተከሳሽ ፊት ለፊት አስቀምጠው አይመረምሩትም። የአሥራ ሁለቱ ስብሰባ ማንም ሳይሰርዘው ምሳ ሆነ። ገዛኸኝ ለልጁ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ ሚልካ ታጎርሰዋለች።

«ሲስተሙ እንዴት ነው አበልጄ?»

«ይመስገን!»

ስለ ኮምፒዩተር ጤንነት ተጠይቆ ይመስገን ሲባል የሰማሁት ያኔ ነው። እኛም እየሳቅን በላን።

በእነዚያ ወራት ነው ሀሊሜ የመጣችው። ከቆላው ወገን የሆነች፣ ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥ ሴት ናት። ለእግሯ ቁስል ሁለት ዓይነት መርፌ ታዘዘላት፤ ፔኒሲሊንና ክሎራምፌኒኮል። ብዙም ሳይቆይ ፊቷ አበጠ፣ ጉሮሮዋ ተዘጋ፤ ሚልካ ከሞት አፋፍ መለሰቻት። ከሁለቱ የትኛው እንደጎዳት ለይታም ብርቱካንን በኮምፒዩተሩ ላይ በቀይ አስጻፈቻት። ሀሊሜ ማንበብ አትችልም።

«ብረሳውስ ሲስተር?»

«አብሽሪ» አለቻት ሚልካ ማሽኑን መታ መታ እያደረገች። «አንቺ ብትረሺ ይህ አይረሳም።»

ጥር ላይ በአንድ ነፋሻ ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ሲመለስ ኮምፒዩተሩ የተቃጠለ ሽታ እንጂ ድምፅ አልነበረውም። ብርቱካን ለሥራ ዋጃ ከተማ ወደ ሄደው ገዛኸኝ እየደወለች ሳለ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ሀሊሜ ነበረች። ትኩሳቱ እንደ እሳት ያቃጥላታል፤ ደረቷ ሲር ሲር ይላል፤ ስሟን ስንጠራት የምትመልሰው ሌላ ነገር ነው።

«የቱ መድኃኒት ነበር የማይስማማት?» አለች ሚልካ ያመጣቻትን ጎረቤቷን ሲቲን።

«ኧረ እኔ ምኑን አውቄ! ትላንት ደህና ነበረች ወላሂ።»

ብርቱካን ክሎራምፌኒኮል ነው አለች። እኔ ፔኒሲሊን አልኩ። ሁለታችንም ልንምል ደርሰን ነበር። ሚልካም እንደኔው ታስባለች፤ ብዙውን ጊዜ ሰውነት የሚያስቆጣው ፔኒሲሊን ነውና። ክሎራምፌኒኮሉን በስሪንጅ ቀዳች። ከዚያ መርፌውን ወደ ላይ እንደያዘች ቀረች። ሀሊሜ ስትተነፍስ አንገቷ ሥር ያለው ቆዳ ይሰረጉዳል። ለዚህ የሚሆን ሌላ መድኃኒት እኛ ዘንድ የለም፤ ወልድያ ሆስፒታል ሩቅ ነው፤ ያለ መድኃኒት ብትሄድ መንገድ ላይ ልትቀር ትችላለች። ተሳስቶ መውጋት ደግሞ በገዛ እጅ መግደል ነው።

«ገዛኸኝ ይምጣ። ቅጂው አለ» አለች።

በሞተር መጣ፤ ፊቱ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ቅጂው ያለበትን ዲስክ ላፕቶፑ ላይ ሰካና ስሟን ጻፈ። የለም። እንደገና ጻፈ። የለም። ሚልካ በትከሻው ላይ አጎንብሳ ቅጂው የተወሰደበትን የመጨረሻ ቀን አነበበች። የልጇ ክርስትና ሳምንት ነበር።

ከኋላችን የሀሊሜ ጣር ይሰማል።

«ዲስኩ ሞልቶ ቆሟል» አለ ገዛኸኝ ቀና ሳይል። «ባለፈው አይቼው ነበር።»

«አይተኸው ነበር? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ብዬ? እያጎረስሽኝ? አፍሬሽ ነው። አንቺም እኮ አልጠየቅሽኝም!»

ትመታዋለች ብዬ ነበር። መርፌውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔም አፍሬህ ነው» አለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን። ኦክስጅን የለን፣ አምቡላንስ አልተገኘ። ገዛኸኝ ሮጦ መንገድ ላይ ሚኒባስ አስቆመ፤ ተሳፋሪዎቹም ሀሊሜን ሲያዩ ራሳቸው ወረዱ። ሚልካ ግሉኮሱን በአንድ እጇ ሰቅላ፣ በሌላው የሀሊሜን አናት ደረቷ ላይ አስደግፋ ሄደች፤ እኔና ገዛኸኝም አብረን ተሳፈርን። የጎብዬን ከተማ ስናልፍ ትንፋሿ ቆም ብሎ ቀጠለ። ሚልካ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ትላለች፤ ድምፅዋ ግን የሚያስፈራ ነበር።

ወልድያ ስንደርስ ሐኪሙ ጠየቃት።

«የማይስማማት መድኃኒት አለ?»

«አለ።»

«የቱ?»

«አላውቅም» አለች ሚልካ። እንደዚያ አንገቷን ደፍታ አይቻት አላውቅም።

ሁለቱንም ትተው ሌላ መድኃኒት ሰጧት። ሀሊሜ ለጥቂት ቀናት ወዲያና ወዲህ ስትል ሰነበተች፤ ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። ገዛኸኝም ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ከሰነበተ በኋላ ወደ ቆቦ ተመለሰና የተቃጠለውን ማሽን ፈታ። የነደደው የኃይል ክፍሉ ነበር፤ መዝገቡ ተርፏል። አዲስ ዲስክ ገጠመና ሁሉንም እንደገና ገለበጠ።

በሚቀጥለው አሥራ ሁለት ምሳ አልነበረም። ወንበሮቹ ወደ ድሮ ቦታቸው ተመልሰዋል፤ አንድ ተጨምሯል። እዚያ ላይ ሀሊሜ፣ ከስታና ጠቁራ፣ ሻሿን እያስተካከለች ተቀምጣለች። ሚልካ ራሷ ናት ያስጠራቻት።

«ገዛኸኝ» አለች ሚልካ፤ አበልጄ አላለችም። «ማሽኑ ተቃጠለ በል።»

ገዛኸኝ የዋናውን ኮምፒዩተር ገመድ በገዛ እጁ ነቀለ። ላፕቶፑን ከፍቶ ቅጂውን ሰካ። የሀሊሜን ስም ጻፈ።

ሀሊሜ ጊዜው ረዘመባት። «አለሁ?» አለች።

«አለሽ» አለ ገዛኸኝ። ቀዩን መስመር ጮክ ብሎ አነበበው። «ክሎራምፌኒኮል።»

ሚልካ ያን ቀን ቀድታ የያዘችው እሱን ነበር። መዳፏን ገልብጣ አየችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ ሀሊሜ አስጠግታ ሁለት እጇን ያዘቻት።

«ይህ ቢረሳ እንኳ አንቺ እንዳትረሺው። በይ፣ እኔን ተከተይ። ክሎ…»

«ክሎ…» አለች ሀሊሜ።

ምላሷ እስኪለምደው ድረስ ስብሰባው አልተበተነም።