ትራማዶል የሚባለው ሰውዬ

ቲማቲም እየመዘንኩ ተኛሁ። ጉልቴ ላይ ሚዛኑን እንደያዝኩ፣ «ይሄኛው ይሻልሻል» ልል አፌን እንደከፈትኩ፣ እዚያው ቀረሁ። የነቃሁት ልጄ ጎመን የማርስበትን ውሃ ፊቴ ላይ ስትደፋብኝ ነው።

«እማዬ፣ ትንፋሽሽ ጠፍቶ ነበር። ከንፈርሽ ጠቁሯል» አለችኝ። ሁሌ የምትቀልድ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን ክንዴን ጨብጣ አልለቅም አለች። ያኔ ነው ፍርሃት የገባኝ። አባቷ በሕይወት የለም፤ እኔ እንደተኛሁ ብቀር ማን አላት?

የሚያስተኛኝን አውቀዋለሁ። ጉርድ ሾላ ላይ ታክሲ ስሳፈር ወድቄ ወገቤ ሲጎዳ፣ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታዘዘልኝ። ለጥቂት ጊዜ የተባለው ዓመታት ሄደ። አንዱ ሲያንስብኝ በራሴ ሁለት አደረግኩት፣ ከዚያም ጨመርኩበት።

ቤት ገብቼ ያለኝን ክኒን ሁሉ ሽንት ቤት ደፋሁት። ተገላገልኩ ብዬ እየሳቅኩ ወጣሁ።

በማግስቱ ማዛጋት ጀመረኝ። እንደ ደንቡ ማዛጋት እንዳይመስላችሁ፤ አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል፣ አገጬ ሊወልቅ ደረሰ። እንባዬ ይወርዳል፣ አፍንጫዬ ይንጠባጠባል፣ እግሬ አርፎ አልቀመጥ አለ። እኛ ሰፈር ደግሞ ሰው እንዲህ ሲያዛጋ ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም። እንደ እናቴ የማያቸው አሮጊት ጎረቤቴ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ይዘው ከች አሉ።

«ቡዳ ነው፤ በልቷታል» አሉ። ነጭ ሽንኩርቱን አፍንጫዬ ላይ ደቅነው፣ ውስጤ የገባውን ያናግሩት ጀመር።

«ማነህ አንተ?»

ማዛጋቱ ፋታ ሲሰጠኝ፣ «ትራማዶል» አልኳቸው።

ወደ ልጄ ዞሩ። «የየት አገር ሰው ነው?»

ልጄ የሹራቧን እጅጌ ነከሰች።

«የት ነው ያገኘሃት?»

«ፋርማሲ።»

«አይ ጊዜ፤ እዚያም ገቡ?» ብለው አማተቡ። «ምን ብንሰጥህ ትለቃታለህ?»

ልጄ መሬት ላይ ተዘርግታ ትስቃለች፤ እኔም እያዛጋሁ እስቃለሁ፣ እየሳቅኩ አለቅሳለሁ። ወዲያው ያስመልሰኝ ጀመር። የልጄ ሳቅ ቆመ። ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ልጄን በጥቂት ብትበልጥ ነው። ሁሉንም ነገርኳት፣ የሰውዬውን ጨዋታ ሳይቀር። ሳቀችና ወዲያው ኮስተር አለች።

«ቡዳ አይደለም፣ እናቴ። ሰውነትዎ መድኃኒቱን ለምዶት ሳለ በአንዴ ነጠቁት። እንዲህ ማቋረጥ አደጋ አለው።»

«ብወስደው ልሞት፣ ብተወው ልሞት?»

«ቆይ አስተማሪዬን ልጠይቅ። እኛ ማስጀመሩን ነው አጥብቀን የተማርነው፤ ማስቆሙን ገና እየተማርን ነው።» ይህን ስትል አላፈረችም። እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ደወለች።

የእኔን ነገር አስረዳቻቸው፤ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መለሰ። «መጀመሪያ የታዘዘላቸውን ያህል መልሺላቸው፤ በራሳቸው የጨመሩትን አይደለም። ከዚያ በትንሽ በትንሹ ቀንሺ። ሲከብዳቸው እዚያው ቁሚ፣ አትቸኩዪ። የወገባቸውን ሕመም ደግሞ ችላ እንዳትይው።»

«አስተማሪሽ ጎረቤቴን ያውቋቸዋል እንዴ?» አልኳት። «እሳቸውም ምን ብንሰጥህ ትለቃለህ ነው ያሉት።»

«እንግዲህ እኛም እያሳነስን እየሰጠን እንሸኘዋለና» አለች።

መድኃኒቱን ልጄ ያዘችው። ከጤና ጣቢያ በተመለስን ቁጥር ጎረቤቴ በር ላይ ይጠብቁናል።

«ዛሬስ ለሰውዬው ምን ሰጣችሁት?»

«ካለፈው ያነሰ።»

«ስስታሞች» ይላሉ፣ ደስ ብሏቸው።

እንዲህ ስል ቀላል እንዳይመስል። ወገቤ የጮኸበት፣ ስጪኝ ብዬ ልጄን የተቆጣሁበት ቀን ነበር። ያን ጊዜ ሐኪሟ ከመቀነሱ አረፍ ታደርገኛለች፤ ወገብ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አሳየችኝ፣ በእግርዎም ይሂዱ አለችኝ። እኔም ባሕር ዛፉን እየተደገፍኩ የእንጦጦን ዳገት መውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ ጥቂት ሄጄ እቀመጥ ነበር።

ሐኪሟ «ከእንግዲህ አያስፈልግዎትም» ካለችኝ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ሦስታችን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። አሮጊቷ ቀድመውን ደረሱ። ተሳልመን ከቅጥሩ ውጭ ቁጭ እንዳልን አዛጋሁ፤ አፌን በሰፊው ከፍቼ።

ልጄ ዘላ ከንፈሬን አየች። ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በቀስታ፣ «አንተ ትራማዶል፣ አለህ?» አሉ።

ሦስታችንም ጠበቅን። የመለሰ የለም።

«ዳገቱ ነው ያደከመኝ» አልኳቸው። ስንስቅ የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ ዞሮ አየን።

ወገቤ ዛሬም አልፎ አልፎ ያመኛል። መድኃኒቱን ግን ከተውኩት ቆየሁ፤ ቲማቲም የምመዝነው ነቅቼ ነው፣ ልጄም አጠገቤ ናት። ድኛለሁ።