የአንድ ሰዓት መንገድ

ልጄ አዲስ አበባ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ዛሬ ተመለሰች። «አባ፣ በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ቤት ጠብቀኝ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ከሰፈሬ ከሳቢያን በባጃጅ ቀድሜ ሄጄ ኤርፖርቱ በር ላይ ቆምኩ። ነፋሱ የነዳጅ ሽታ ሲያመጣ የልጅነቴ ባቡር ጣቢያ ትዝ አለኝ። ያኔ እናቴ አዲስ አበባ ታክማ ስትመለስ ባቡሩ ዘገየ፤ ሐዲዱ ዳር ቆሜ ዋልኩ። ጎረቤታችን ሐጂ «ወላሂ፣ ባቡሩን በዓይንህ ጎትተህ አታመጣውም! ቁጭ በል» አሉኝ። ሲመሽ እናቴ በሰው ተደግፋ ወረደች።

የሐጂን ምክር የራሴ አስመስዬ ለልጆቼ ስናገር ኖሬአለሁ። ዛሬ እኔው መቀመጥ አቃተኝ።

ልጄ በገዛ እግሯ እየተራመደች ወጣች።

«አባ፣ ቆመህ ነው የጠበቅከኝ?»

«ቁጭ ብዬ ነበር፤ አሁን ነው የተነሳሁት» አልኳት፣ ልጆቼን ዋሻችሁ እያልኩ ስቀጣ የኖርኩት ሰውዬ።