አልጋ አንጣፊዋ በእንግድነት

እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ኖራ፣ ባለፈው ወር አንሶላ ልትወጥር ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ቀና ማለት አቃታት። ባልደረቦቿ እንደታጠፈች ወንበር ላይ አስቀምጠው አራት ፎቅ በደረጃ አወረዷት። ሐኪሙ የወገቧን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየው። ከዚያ፣ "እናት፣ አንድ ወር አይጎነበሱም፣ ምንም አያነሱም። እምቢ ካሉ ወደ እኔ የሚመለሱት ለቀዶ ጥገና ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብለው ስለመሄድዎ ደግሞ ቃል አልገባልዎትም" አላት። እማዬ "እሺ የኔ ልጅ" ብላ ራሷን ነቀነቀች። ያቺን "እሺ" ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቃት እዚያው ደሜ ፈላ።

በሦስተኛው ቀን ቤቷ ስሄድ አልጋ ስር አገኘኋት። እግሯ ብቻ ነው የሚታየው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"መርፌ ወድቆብኝ።"

ባልዲና እርጥብ ጨርቅ ይዞ መርፌ የሚፈልግ ሰው አይቼ አላውቅም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣልኝ፦ ሌላ ሰው የሚጠርግበት፣ ሌላ ሰው የሚያበስልበት፣ ሌላ ሰው አልጋ የሚያነጥፍበት ቦታ እወስዳታለሁ። ተራራ ላይ ያለችውን ከተማ መረጥኩ፤ አየሩ ጥሩ ነው ይባላል። ለአራት ቀን ሆቴል ያዝኩ።

ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ። "ነጋዴን ይረፍ ብሎ ገበያ የሚወስድ ሰው አንቺን አየሁ" አለኝ። እስከ ማታ አኮረፍኩት። የሰውየው ክፋቱ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ልክ መሆኑ ነው።

ስለ እማዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አባቴ የሞተው እኔ ስድስት ዓመቴ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያሳደገችኝ በአንሶላ ነው። በቀን አሥራ ስምንት ክፍል ታዘጋጅ ነበር። እንግዶች ጀምረው የተዉአቸውን ትንንሽ ሳሙናዎች ሰብስባ ታመጣና፣ በሙቅ ውሃ አለስልሳ አንድ ላይ ትጨፈልቃቸዋለች፤ አራት ዓይነት ቀለም ያለው ድቡልቡል ሳሙና ይወጣቸዋል። ሳሙና በፋብሪካ አንድ ቀለም ሆኖ እንደሚሠራ ያወቅኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ሰውንም በአልጋው ታውቀዋለች። "የቀኙ ትራስ ብቻ ከረጠበ ተኳርፈዋል፣ ወለል ላይ ብርድ ልብስ ካለ ደግሞ እሱ ነው ያጠፋው" ትል ነበር። ይህን ስትናገር ሐኪም ነው የምትመስለው።

ከተማዋ ዳገት ላይ የተንጠለጠለች ናት። መንገዱ ግማሹ ደረጃ ነው። ሆቴሉ መካከለኛ የሚባል ዓይነት ነው፤ ሊፍት አለው፣ ግን በሩ ላይ "ለጥገና" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ወረቀቱ ራሱ አርጅቷል። ሙቅ ውሃ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው፤ አሳልፎ የገባ ሰው ጩኸቱ ምድር ቤት ድረስ ይሰማል። መስኮቱ ግን እውነት ለመናገር ግሩም ነው፤ ስትከፍቱት ጭጋጉ ሰላም ሳይል ይገባል።

ክፍል ሁለት መቶ ሰባትን ለእማዬና ለልጄ፣ ሁለት መቶ ስምንትን ለእኔና ለባለቤቴ ያዝን። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አያቷ ሚጢጢ ትላታለች። እኔን ደግሞ ትእዛዝ ስለማበዛ ሻለቃ ትለኛለች።

እማዬ ክፍሉ እንደገባች ጣቷን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አሻሸችና አየችው። ንጹሕ ነው። የአንሶላውን ማዕዘን ገለጥ አድርጋ መለሰችው። "አንጣፊዋ ደህና ናት፤ ግን ትቸኩላለች። ብዙ ክፍል ነው የጫኑባት" አለች። ሴትየዋን አይታት እንኳ አታውቅም።

"በይ አሁን አረፍ በይ" አልኳት፣ አልጋውን እያሳየኋት።

"አልደከመኝም።"

ወንበር አመጣሁላት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ምሽቱን ሁሉ አልጋው ላይ ቁጭ አላለችም። በማግስቱ ሚጢጢ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ "አያቴ የተኛችው ከብርድ ልብሱ በላይ ነው፤ ካፖርቷን ለብሳ" አለችኝ። ያኔ ትዝ አለኝ። እሷ በምትሠራበት ሆቴል እንግዳ አልጋ ላይ የተቀመጠች ሠራተኛ ትባረራለች። አንዲት ጓደኛዋ የጫማዋን ማሰሪያ ልታስር አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ስትል ተቆጣጣሪው ደረሰባትና በዚያው ቀን ተሸኘች። እናቴ በሠላሳ አንድ ዓመት ስንት ሺህ አልጋ እንደነካች እንጃ፤ አንዱ ላይ ግን ተቀምጣ አታውቅም።

እኔ እቴ፣ አዝኜ ዝም ማለት ሲገባኝ ትእዛዝ አበዛሁ። "ዛሬ እጅሽ ምንም እንዳይነካ። ሚጢጢ፣ አያትሽን ጠብቂ" አልኩ። ሁለቱም "እሺ" አሉ። የልጅቷም "እሺ" የአያቷን መሰለኝና ደስ አላለኝም።

ቁርስ ላይ እማዬ ከሁላችንም ቀድማ ጨረሰች። "መነጽሬን ረሳሁ" ብላ ወጣች። ጠባቂዋ ተከተለቻት። ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ሲመለሱ የእማዬ ግንባር ወዝቷል፣ ሚጢጢ ደግሞ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። እኔ ባለቤቴን አራተኛ እንቁላል በላህ ብዬ ስጨቀጭቀው ነበርና ልብ አላልኩም። ወጥተን ዳገቱን በቀስታ ተንሸራሸርን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሸለቆውን አየን። እማዬ ደስ ብሏታል። የሠራ ሰው ደስታ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሰን ሁለት መቶ ሰባት በር ላይ ስንደርስ ከውስጥ የሴት ድምፅ ሰማን።

"ይሄ ቀሚስ የማን ነው? እሱን ብቻ ንገረኝ።"

"አባቴ ይሙት፣ አይቼው አላውቅም" ይላል አንድ ወንድ።

በሩን ገፋሁት። ግማሽ ፊቱ በመላጫ አረፋ የተሸፈነ፣ ካናቴራ የለበሰ ጎልማሳ መሐል ክፍሉ ቆሟል። ሚስቱ የእማዬን ሰማያዊ ቀሚስ በመስቀያው ይዛ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆማለች። ሰውየው እኔን ሲያይ ይበልጥ ደነገጠ፤ የቀሚሱ ባለቤት መጣች ብሎ ነው መሰለኝ።

ሁላችንም ተያይዘን እንግዳ መቀበያው ጋ ወረድን። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን ያጠበቀ ቀጭን ሰው ነው። መዝገቡን ገለጠ፤ ሁለት መቶ ሰባት "ባዶ፣ ዝግጁ" ተብሎ ተጽፏል። ባዶ ስለተባለ ለባልና ሚስቱ ሰጥተውታል። ይህን ያስጻፈችው አንጣፊ ተጠራች። አረንጓዴ ሽርጥ የለበሰች፣ ወገቧ ላይ የቁልፍ እስር ያንጠለጠለች ሴት ናት።

"ገብቼ አየሁ" አለች። "አልጋዎቹ ተነጥፈዋል፣ መታጠቢያው ደርቋል፣ ፎጣው ተጣጥፏል፣ ወለል ላይ አንድ ዕቃ የለም። እንግዶቹ ወጥተው የጠዋት ተረኛዋ ልጅ ያዘጋጀችው መሰለኝ።"

"ቁም ሣጥኑን ከፍተሻል?"

"አልከፈትኩም። አሥራ ዘጠኝ ክፍል ነበረብኝ።"

"እንግዲያው ቁልፉን አስረክቢ" አላት።

ሴትየዋ የቁልፉን እስር ከወገቧ ፈታች። "ሁለት ልጆች አሉኝ" አለች፣ ማንንም ሳታይ።

እማዬን አየኋት። ሚጢጢን አየኋት። ሚጢጢ ጣሪያውን እያየች ነው። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝና ክው አልኩ። ባለቤቴ ቀስ ብሎ፣ "ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም" አለ።

"ቆይ ልጄ" አለች እማዬ ለሥራ አስኪያጁ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ዕቃውንም ቁም ሣጥን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ወለል ላይ ሻንጣ ሲታይ ያስጠላኛል።"

ሰውየው ፈገግ አለ። "እናት፣ ማዘንዎ ደግ ነው። ግን ክፍሉን ለአዲሶቹ እንግዶች ያሳየሁት ራሴ ነኝ። ያ ማዕዘን በማስመሪያ የተሠራ ነው። እንግዳ እንዲህ አያነጥፍም።"

እናቴ፣ በዚያ ሁሉ መሐል፣ ደስ አላት። ደስታዋን መደበቅ እንኳ አልቻለችም። "ና ላሳይህ" አለችው።

ደረጃውን ሁላችንም ወጣን፤ ግማሽ የተላጨው ሰውዬም ሳይቀር። "እማዬ፣ እንዳትጎነበሺ፣ ሰምተሻል?" እያልኩ ከኋላ እጮሃለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ። የአልጋውን አንሶላ በአንድ እጇ ሳበችና ፈታችው፤ ማዕዘኑን ልታስገባ ጎንበስ አለች። እዚያው ቀረች።

ከአፏ ትንሽ ድምፅ ብቻ ወጣ። የሐኪሙ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ ትእዛዝ የማበዛው እኔ አንድ እርምጃ መራመድ አቃተኝ። የደረሰችላት አንጣፊዋ ናት። ቁልፎቹን ወለል ላይ ጣለች፣ አንድ ክንዷን በእማዬ ደረት ሥር፣ ሌላውን በጀርባዋ አሳለፈች። "እማማ፣ በእኔ ላይ ይደገፉ። ክብደትዎን ሁሉ ይስጡኝ" አለቻት። ቀስ አድርጋ በጎኗ አስተኛቻት፣ ጫማዋን አወለቀችላት፣ ጉልበቷ መሐል ትራስ ከተተችላት።

እማዬ ዓይኗን ገለጠች። ሥራ አስኪያጁ ፊቷ ቆሟል። የሴትየዋን ሽርጥ ጨምድዳ ያዘችና፣ "ልጄ፣ አልጋው ላይ ነኝ። ሰውየው አየን እኮ" አለቻት።

ሰውየው ክራቫቱን ነካካ። "ይተኙ እናት" አለ በመጨረሻ። "አልጋው የእርስዎ ነው። እንግዳ ነዎት እኮ።"

በዚያን ጊዜ አለቀስኩ፤ አልዋሽም።

ሙቅ ውሃ በጠርሙስ መጣ፣ ማስታገሻዋን ዋጠች፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እግሯን ማንቀሳቀስ ቻለች። ለሐኪሙ ደወልኩ። "ተርፋለች። ሁለተኛ ግን እንዲህ ዕድለኛ አትሆንም" አለኝ። ባልና ሚስቱ ሌላ ክፍል ተሰጣቸው፤ ሚስትየዋ ኮሪደሩ ላይ፣ "የሴትየዋ ነው ተብሏል፣ እሺ። ግን ለምን ደነገጥክ?" ስትለው ሰማሁ።

ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ለአንጣፊዋ መለሰላት። ከዚያ ግን ጣቱን አነሳ። "ከነገ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ላይ ይቺን ክፍል ራሴ እየከፈትኩ አያለሁ። አንቺ ሳትገቢ ተነጥፎ ካገኘሁት እንግዳ እያሠራሽ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ይቅርታ የለም" አላት። የተናገረው ለእሷ ነው፤ የሰማችው ግን እናቴ ናት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሄድኩ። እማዬ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብታለች። ካፖርት የለም። ሁለት እጇን ትራሱ ሥር ደብቃለች።

"ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ?"

"አላመመኝም። የሰው ጉሮሮ ልዝጋ እንዴ?" አለችኝ።

እንግዲህ እዩልኝ። እኔ ስለ ወገቧ ስለምን ከረምኩ፣ ሐኪሙ በቀዶ ጥገና አስፈራራት፤ ለራሷ ስትል አንዲት ቀን አላረፈችም። ለማታውቃት ሴት ስትል ግን ሦስት ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ተኛች። ደስታና ንዴት አንድ ላይ ሲመጡ ሰው የትኛውን ያስቀድማል? እኔ ንዴቱን አስቀደምኩ፤ ከዚያ ቁርሷን አልጋዋ ድረስ አመጣሁላት።

በመጨረሻው ቀን ባለቤቴ መኪናውን አስነስቶ ሲጠብቅ ልጠራት ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። እማዬ መስኮቱ ጋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አንጣፊዋ አልጋውን እያነጠፈች ነው።

"በወገብሽ አትጎንበሺ" አለቻት እማዬ። "ጉልበትሽን እጠፊና ውረጂ።"

"እንዲህ?"

"ዝቅ በይ። ጀርባሽ ቀጥ ይበል። አዎ፣ እንደሱ። ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ሠላሳ አራት።"

"ጊዜ አለሽ" አለች እማዬ። "ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።"

ምሬት አልነበረባትም፤ ሰዓት ስንት ነው ተብላ የተናገረች ያህል ነው ያለችው። ሴትየዋ አንሶላውን ወጠረች። ከዚያ ወደ ሌላኛው ማዕዘን ዞረች፣ ጉልበቷን አጠፈች፣ ወረደች።

እማዬ ተነስታ ካፖርቷን ለበሰች። እጇ በልማድ ወለሉ ላይ ወዳለው ቦርሳ ሄደ። መንገድ ላይ አቆመችው፣ ሴትየዋን አየቻት፣ እጇን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

"ሻለቃ" አለች ጮክ ብላ፣ በሩ ጀርባ መቆሜን ቀድሞም ታውቅ ኖሯል። "ነይ ቦርሳዬን አንሺልኝ።"

በዕድሜዋ ሙሉ ማንንም አንሺልኝ ብላ አታውቅም። ሮጬ ገብቼ አነሳሁላት። ቦርሳው ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር።