ሰልፉ ወንዝ የወረደበት ቀን

ሞጣ ላይ ለምርጫ ቅስቀሳ መድረክ ሲሠራ ለዘገባ ሄጄ ነበር። ወጣቶች ርጥብ ባሕር ዛፍ እየላጡ ያቆማሉ፤ ልጡ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ተከምሯል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰረስራል። ከመድረኩ ጀርባ ትልቅ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀል ነበር። የምጽፈውን ጽፌ ጨረስሁና አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። በዚያ ሽታ ምክንያት ቢቸና ያደግሁበት ሰፈርና ጋሽ አንተነህ ትዝ አሉኝ።

ጋሽ አንተነህ ጎረቤታችን ነበሩ። የቀድሞው ጦር ወታደር ሆነው ምሥራቅ ግንባር ተዋግተዋል። መንግሥት ሲለወጥ በእግራቸው አገራቸው ገቡ። ከወታደርነታቸው የተረፋቸው አንድ ካኪ ኮት ነው፤ ደረቱ ላይ ሜዳሊያዎች ተደርድረዋል። ኮቱን በጥምቀትና ወዳጅ ሲቀበር ብቻ ይለብሱታል። በሌላው ቀን ጭቃ የነካው ቁምጣና የጎማ ጫማ ነው የሚያውቃቸው። ስለ ጦርነቱ ሲጠየቁ «ብርድ ነበረ» ብለው ወሬ ይለውጣሉ።

ከሰፈራችን በታች ወንዝ አለ። በበጋ ልጅ ይሻገረዋል፤ ክረምት ሲገባ ግን ማዶ ያሉት ከትምህርት ቤትም ከጤና ጣቢያም ይቆረጣሉ። የእንጨቱን ድልድይ ጎርፍ በየዓመቱ ይወስደዋል፤ ጋሽ አንተነህም በየዓመቱ ከዝናቡ በፊት ደቦ ጠርተው ያስጠግኑታል። አንድ ክረምት ምጥ የያዛት አንዲት የማዶ ሴት ወንዙ ዳር ስትጠብቅ ሞታ ነበር። ስለዚህ በቀጣዩ ዓመት ከጓሯቸው ያሉትን የመጨረሻ ወፋፍራም ባሕር ዛፎች ቆረጡ። በሁለቱም ዳር ድንጋይ አስክበው ከፍ ያለ ድልድይ ሊሠሩ አሰቡ። ግንዶቹን ለማንሳት ብዙ ሰው ያስፈልጋል።

ያ ዓመት የምርጫ ዓመት ነበር። በግሉ የሚወዳደር አንድ ሰው ሰልፍ ጠራ። ቀኑ ሁለቴ ተላለፈና በመጨረሻ ከደቦው ቀን ጋር ገጠመ። ቅስቀሳውን የሚመራው መምህር ደሳለኝ በዋዜማው እነጋሽ አንተነህ ቤት መጣ። እኔ ሞሰብ ልመልስ ተልኬ እዚያው ነበርሁ።

«ጋሼ፣ ነገ ፊት ሆነው ሰንደቁን ይያዙልን፤ ከነኮትዎ። ሕዝቡ አርበኛ ማየት አለበት» አላቸው።

«ነገ ደቦ አለብኝ።»

«ለሌላ ቀን ያድርጉታ፣ ምን ቸገረዎት?»

ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ ከጓዳ ሆነው መለሱለት። «ጠላው ደርሷል! ነገ ካልተጠጣ ይኮመጥጣል። ሰልፋችሁን አቆዩት፤ ሰልፍ አይኮመጥጥ!»

መምህሩ ሳቀ፤ ግን አልተነሳም። አገር ስለ መውደድ ብዙ ተናገረ። ጋሽ አንተነህ ሰምተው ሲጨርሱ ሣጥናቸውን ከፈቱ።

«የሚያስፈልግህ ኮቱ ከሆነ ውሰደው። እኔ ነገ ውኃ ውስጥ ነው የምውለው።»

እንደ ቀልድ ይሁን እንደ ስድብ እስከ ዛሬ አላውቅም። መምህሩ ግን ኮቱን አጣጥፎ ይዞ ሄደ።

በማግሥቱ ከተማው ሰልፍ ወጣ። ለእኛ ለተማሪዎች የወረቀት ባንዲራ ታደለን። ፊት ለፊት ሰንደቁን የያዘው አንድ ረጅም ጎረምሳ ነው፤ የጋሽ አንተነህን ኮት ለብሷል፤ እጅጌው ክንዱ ላይ ቀርቶበታል። እየዘፈንን አውቶቡስ ተራው ጋ ስንደርስ የሞጣው አውቶቡስ ሰው እያወረደ ነበር። ከወረዱት አንዷ እትዬ ብርቄ ናቸው፤ የጋሽ አንተነህ እህት። ለደቦው ምግብ ሊያግዙ ከሞጣ መምጣታቸው ነበር።

በእኛ አገር ወታደር ሲሞት ልብሱና ሜዳሊያው ወጥቶ፣ ሰው ተከትሎት ይለቀሳል። እትዬ ብርቄ ያዩት ይህንኑ ነው፦ የወንድማቸው ኮት በሌላ ሰው ላይ፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ ከኋላ ሕዝብ። ዘንቢላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ወንድሜን! ሳትነግሩኝ! ወንድሜን!»

ደረታቸውን እየመቱ መሬት ላይ ተዘረሩ። በእኛ ዘንድ ለቅሶ የሰማ መጀመሪያ ያለቅሳል፤ የሚጠይቀው ኋላ ነው። ከሰልፉ ያሉ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀበሏቸው። ከኋላ ያሉት ወንዶች «ማን ነው?» ሲሉ «አንተነህ» ተባሉ። ደቦውን ትተው ሰልፍ የወጡ ስለ ነበሩ ድንጋጤያቸው የባሰ ነበር። መምህር ደሳለኝ በድምፅ ማጉያው «አልሞቱም! ጋሽ አንተነህ አልሞቱም!» እያለ ይጮኻል፤ ከሩቅ የሚሰማው ግን ስማቸውና «ሞቱ» የሚለው ብቻ ነው። ሕዝቡ ዞሮ ወደ ሰፈራችን ወረደ።

እትዬ የሻረግ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን።

«ማን ነው የሞተው?»

«ጋሽ አንተነህ!» አለ አንዱ እያለቀሰ።

«ኧረ ከአፍህ ይብነን! አሁን ቁርስ ላክሁለት!»

ወንዙ ጋ ስንደርስ ጋሽ አንተነህ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ነበሩ። አብረዋቸው ጥቂት ሽማግሌዎችና የማዶ ገበሬዎች አሉ። የመጀመሪያው ግንድ ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። እትዬ ብርቄ ከነቀሚሳቸው ውኃው ውስጥ ገብተው ወንድማቸውን አቀፉ፤ ከዚያ በቡጢ ጀርባቸውን መቱ።

«ኮትህን ለማን ሰጥተህ ነው ቁም ስቅሌን የምታሳየኝ፣ አንተ የማትረባ!»

ጋሽ አንተነህ ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ። ቀና ብለው ዳገቱን የሞላውን ሰው አዩ።

«ለቅሶዬን ደርሳችኋል፤ ከመጣችሁ ግንዱን ያዙልኝ።»

«ጋሼ፣ ሰልፉስ?» አለ መምህሩ።

«መጀመሪያ እሱን ባንዲራ ጭቃ እንዳይነካው አድርጉ» አሉና ወደ ጎረምሳው ዞሩ። «አንተ፣ እንዳታጋድመው። ቀና አድርገህ ያዝ!»

ጎረምሳው ዳገቱ ላይ ቆሞ ሰንደቁን እንደያዘ ዋለ። የቀረው ሰው ጫማውን አወለቀ። መምህር ደሳለኝም ሱሪውን ሰብስቦ ገባ፤ እውነቱን ለመናገር ከብዙዎቹ የበለጠ ሠርቷል። «ሆ! በል!» ሲባል ግንዱ ከመሬት ተነሣ፤ ቀጣዮቹም ተከተሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የማዶ ልጆች በአዲሱ ድልድይ ላይ ይሮጡ ነበር። ጠላው አልበቃም፤ እትዬ የሻረግ ከጎረቤት ጨመሩ።

ተወዳዳሪው ያን ዓመት አላሸነፈም። ምክንያቱ የሰልፉ መበተን ነው የሚሉ አሉ፤ ለዚህ ማስረጃ የለኝም። የማውቀው በሰፈራችን ከዚያ ወዲህ ሰልፍ የሚጠራ ሰው አስቀድሞ የደቦ ቀን መሆን አለመሆኑን እንደሚጠይቅ ነው።

ጋሽ አንተነህ ያረፉት ከዓመታት በኋላ፣ ነሐሴ ላይ ነው። ለቀብሩ ደርሻለሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ቀይ ውኃ ድንጋይ ያንከባልላል። የማዶ ሰው ሽማግሌውም፣ ሕፃን ያዘለችውም፣ አንድ ሳይቀር በድልድዩ ላይ ተሻግሮ መጣ።