ብቻዋን ፍሬ አትይዝም

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሐርላ ጋራ ላይ ነቅሎ ያመጣት ቁጥቋጦ እስከ ዛሬ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ አለች። ግንዷ ከታች እንደ ድንች ያበጠ ነው። ሙቀቱ አላስቀምጥ ባለበት ወር፣ ቅጠሏ ረግፎ እርቃኗን ቆማ፣ ሮዝ አበባዋን ትዘረጋለች። ስሟን በአማርኛ አላውቀውም። እሱም አያውቅም ነበር፤ «ያቺ ወፍራም» ይላት ነበር፣ እኔን ዓይን ዓይኔን እያየ።

ዓምና ቤቱ ጭር ሲልብኝ ባጃጅ ይዤ ወደዚያው ጋራ ሄድኩ። እህቶቿን ላያቸው ነበር። ያገኘሁት ግን ጉድጓድ ብቻ ነው። ጫካው ለከሰል ተቆርጧል፤ እነሱ ደግሞ ለግቢ ማሳመሪያ ተነቅለው ተሸጠዋል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስመለስ ከዘሯ ላበቅል ወሰንኩ። ነገር ግን ይህን ሁሉ ዓመት አበባ እንጂ ፍሬ አይቼባት አላውቅም። ቀፊራ ገበያ ችግኝ የሚሸጠውን ሰው ብጠይቀው፣ ሌላ አጠገቧ ካላበበ ብቻዋን ፍሬ አትይዝም አለኝ። ተናደድኩ። እሷም እንደ እኔ መሆኗን ማን ጠየቀው?

ሌላዋ ቁጥቋጦ ያለችው ከግንቡ ማዶ፣ ጎረቤቴ ግቢ ነው። የእኔ ባል ሲሞት ጎረቤቴ ለልቅሶ መጣች፤ የእሷ ሲሞት ለልቅሶ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ልጆቻችንም ስለሄዱ ሁለታችንም በራችንን ዘግተን ተቀመጥን። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ነው፣ ሌላ የለም። ብዙ ቀን ካመነታሁ በኋላ የመጣው ይምጣ ብዬ ጀሪካኔን አቅፌ አንኳኳሁ።

የመጣሁበትን ስነግራት በሻሿ ጫፍ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች።

«አቦ ግቢ። ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ አንቺ ራስሽ ተሸክመሻት መጣሽ?»

ቁጥቋጦዬን ከእሷ በርሜል አጠገብ አስቀመጥናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀሐይ በረድ ሲል አበባዬን ልይ እያልኩ እሄዳለሁ። ሻይ ታቀርብልኛለች፤ ስለ ልጆቻችን እናወራለን። ፍሬው እንደ ግልገል ቀንድ ጥንድ ሆኖ ወጣ። ሲደርቅ ዘሩን ነፋስ እንዳይወስደው በጨርቅ አሰርነው፤ ለቅመንም በጣሳ ዘራነው። በቀለ።

እንግዲህ እዚያ የሚያስቀምጠኝ ምክንያት አልቋል። ትናንት ጀሪካኔን ላነሳ ጎንበስ ስል ጎረቤቴ እጄን ያዘችኝ።

«ገና ናት» አለችኝ።

ሁለታችንም ቡቃያዋን እያየን ነበር። አዎ፣ ገና ናት አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።